ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ

ባለፈው ኅዳር ለንደን ውስጥ በአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ዩኬ ጋራዥ የሚባለውን የእንግሊዝ የጭፈራ ሙዚቃ ለአንድ ሰዓት በሸክላ እንዳጫውት ተጋበዝኩ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «መኪና ማደስ ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። ያን ያህልም አልተሳሳተችም፤ ስሙ የመጣው ዲጄው ላሪ ሌቫን እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ ያጫውትበት ከነበረው የኒውዮርኩ ፓራዳይዝ ጋራዥ ሲሆን፣ ሕንፃው ጭፈራ ቤት ከመሆኑ በፊት በእርግጥም የመኪና ማቆሚያ ነበር።

ዝግጅቱን የጀመርኩት በ1990ዎቹ አጋማሽ የለንደን ዲጄዎች ያደርጉት እንደነበረው የአሜሪካን ጋራዥ አፍጥኖ በማጫወት ነው። በደቂቃ 122 ምት ያለውን ሸክላ የቴክኒክስ ማጫወቻው እስከሚፈቅደው 8 በመቶ ድረስ ሲያፈጥኑት ወደ 132 ይጠጋል፤ ነገር ግን የዘፋኙም ድምፅ አብሮ ስለሚቀጥን፣ ዘፈን የበዛባቸውን ትቼ ሙዚቃው የሚያመዝንባቸውን የዳብ ቅጂዎች መረጥኩ። ከዚያ በ1997 ወደ ወጣው የደብል 99 «ሪፕግሩቭ» ተሻገርኩ። ስፒድ ጋራዥ ማለት ይህ ነው፦ በየባሩ (አራት ምት በያዘው በእያንዳንዱ የሙዚቃ ክፍል) አራት ጊዜ እኩል የሚመታ ኪክ (የትልቁ ከበሮ ድምፅ)፣ ከሥሩም ጃንግል ከሚባለው ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ የተወረሰ፣ እየተጣመመ ደረት የሚነቀንቅ ቤዝ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ)።

ስህተቴ የመጣው ከዚህ ወደ ኤምጄ ኮል «ሲንሲር» ስሻገር ነው። የሁለቱ ሸክላዎች ፍጥነት በማዳመጫዬ ውስጥ ልክ ገጥሞ ስለነበር ሥራው ያለቀ መስሎኝ የሁለቱንም ቤዝ ክፍት አድርጌ ስምንት ባር ያህል አብሬ አስኬድኳቸው፤ የሚክሰሩ (የድምፅ ማዋሃጃው) መብራት ቀይ ሆነ፣ ድምፁም ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ደንግጬ የመጀመሪያውን በአንዴ ስቆርጠው ደግሞ የባሰ መጣ። «ሲንሲር» ቱ ስቴፕ የሚባለው የጋራዥ ዓይነት ስለሆነ ያ አራት ጊዜ የሚመታው ኪክ የለውም፤ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ቢቆምም ኪኩ እየዘለለ ይሄዳል። ከፊቴ ትጨፍር የነበረች ሴት አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆመች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም ወደ መጠጥ መሸጫው ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በየካቲት ስመለስ የሸክላዎቹን ቅደም ተከተል አልለወጥኩም፤ የለወጥኩት አሻጋገሩን ነው። የሚገባውን ሸክላ ቤዝ ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ሃይሃቱን (የጸናጽሉን ቀጭን ድምፅ) ብቻ በአራቱ ኪክ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አስኬድኩ፤ የሰው ጆሮ ያንን የሚያነክስ አካሄድ ከለመደ በኋላ፣ አዲሱ ሐረግ በሚጀምርበት የመጀመሪያ ምት ላይ የአንዱን ቤዝ ዘግቼ የሌላውን ከፈትኩ። ኪኩ ሲጠፋ እግሮች ትንሽ ተደናገሩ፣ ትከሻዎች ግን አላቋረጡም። አሁን በየሸክላው ልባስ ላይ ቤዙ የሚገባበትን ደቂቃ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ «ሪፕግሩቭ» ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።