የድሮ ዲስኮችን ፍጥነት ወደ ሜጋባይት በሰከንድ እንዴት እንዳሰላሁ

የድሮ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያለውን ዳታ ወደ አዲስ ዲስክ ከመገልበጤ በፊት፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። የድሮ መግለጫዎች ፍጥነትን አንድ ዓይነት አድርገው አይጽፉም። አንዱ በናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይሰጣል፣ ሌላው በሜጋኸርዝ፣ ሌላው በሜጋቢት፣ ሲዲው ደግሞ «48 ኤክስ» (የመጀመሪያው ሲዲ ፍጥነት 48 እጥፍ) ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ባይት በሰከንድ መለስኩ፤ ከዚያ ለ1,000,000 አካፈልኩ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሜጋባይት ማለት 1,000,000 ባይት ብቻ ነው። 1,048,576 ባይት የሆነውን ሜቢባይት እለዋለሁ።

ዋናው ደንቤ በስሙ ላይ ካለው ቁጥር ተነስቶ አለማስላት ነው። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዴም የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ትክክለኛው መነሻ ሦስት ነገር ነው፦ አንድ ዙር ስንት ናኖሰከንድ ይፈጃል፣ በአንድ ጊዜ ስንት ባይት ያልፋል፣ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ይተላለፋል።

አይዲኢ ላይ፣ ማለትም የድሮ ዲስኮች በሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ላይ፣ ነገሩ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ 16 ቢት ማለትም 2 ባይት ያልፋል፤ ስለዚህ 2000ን ለናኖሰከንዱ ማካፈል በቀጥታ ሜጋባይት በሰከንድ ይሰጣል። ፒአይኦ ዳታውን ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያስተላልፍበት የአይዲኢ አሠራር ነው፤ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አለው። ፒአይኦ 0 የ600 ናኖሰከንድ ዙር ስላለው 3.3 ይሆናል። ከ1 እስከ 4 ያሉት 383፣ 240፣ 180 እና 120 ናኖሰከንድ ናቸው፤ ውጤታቸው 5.2፣ 8.3፣ 11.1 እና 16.7 ነው። ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት ዳታ በሚተላለፍበት አዲሱ አሠራር፣ በዩዲኤምኤ ላይ ግን ይህን ቀመር እንዳለ የሚጠቀም ሰው ግማሹን ያጣል። ዩዲኤምኤ ምልክቱ ሲነሳም ሲወርድም ዳታ ያስተላልፋል፤ ሰነዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የሙሉውን ዙር ጊዜ ነው። ለዩዲኤምኤ 2 የሚሰጠው 120 ናኖሰከንድ ስለሆነ የሚካፈለው 4000 ነው፤ ውጤቱም 33.3። በዚሁ መንገድ ዩዲኤምኤ 4 (60 ናኖሰከንድ) 66.7፣ ዩዲኤምኤ 5 (40) 100፣ ዩዲኤምኤ 6 (30) 133.3 ይሆናል።

ዲስኩ በየትኛው ደረጃ እየሠራ እንዳለ ለማወቅ ሊኑክስ ላይ የዲስክን መረጃ የሚያሳየውንና ፍጥነቱን የሚለካውን ኤችዲፓርም የተባለ ፕሮግራም ከትልቁ «አይ» (-I) አማራጭ ጋር እጠቀማለሁ፤ የተመረጠው ደረጃ አጠገብ ኮከብ ይታያል። እዚያው የሚታየው «ሳይክል ታይም» ከዩዲኤምኤ በፊት የነበረው አሠራር፣ የመልቲወርድ ዲኤምኤ፣ እንጂ የዩዲኤምኤ ስላልሆነ ለዩዲኤምኤ ስሌት አይውልም። ዲስኩ ዩዲኤምኤ 5 እየቻለ ኮከቡ 2 ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ከ2 በላይ ለመሄድ ባለ 80 ሽቦ ኬብል ያስፈልጋል። ሶኬቱ ያው 40 ቀዳዳ ስለሆነ በቀዳዳው ብዛት መለየት አይቻልም፤ የሽቦዎቹን ቅጥነት ማየት ነው።

ስካዚ፣ በተለይ በሰርቨሮች ላይ የነበረው ሌላው የዲስክ ማገናኛ፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መሣሪያዎቹ የሚስማሙበት የፍጥነት ቁጥር በ4 ሲባዛ ናኖሰከንድ ይሰጣል፦ 50 ማለት 200 ናኖሰከንድ፣ 25 ማለት 100 ናኖሰከንድ ነው። በ8 ቢት ኬብል እነዚህ 5 እና 10 ሜጋባይት ይሆናሉ። ቁጥሩ 12 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን ማባዛቱ አይሠራም፤ እነዚህ ለየብቻ ትርጉም የተሰጣቸው ኮዶች ናቸው። 12 ማለት 50 ናኖሰከንድ፣ 10 ማለት 25፣ 9 ማለት 12.5፣ 8 ማለት 6.25 ነው። 8ን በ4 አባዝቶ 32 ናኖሰከንድ የሚል ስሌት 320 የሚደርሰውን ዲስክ ወደ 62.5 ያወርደዋል። በ16 ቢት ኬብል ትክክለኛው ውጤት በቅደም ተከተል 40፣ 80፣ 160 እና 320 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ይህ ፍጥነት የመስመሩ ስለሆነ በአንድ ኬብል ላይ ያሉ ዲስኮች ሁሉ ይካፈሉታል።

በሜጋቢት የሚነገሩት ላይ ለ8 አካፍሎ መጨረስ አይበቃም። አይዲኢን የተካው ሳታ 8 ቢት ዳታ ለመላክ 10 ቢት ስለሚያወጣ የሚካፈለው ለ10 ነው፤ 1.5 ጊጋቢት 150 ሜጋባይት እንጂ 187.5 አይደለም። ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ 480 ሜጋቢት ተብሎ ለ8 ሲካፈል 60 ይወጣል። ነገር ግን በየ125 ማይክሮሰከንዱ የሚያልፉት ባለ 512 ባይት ፓኬቶች ቢበዛ 13 ናቸው፤ 13 በ512 በ8000 ሲባዛ 53.2 ሜጋባይት ይመጣል። ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይሩ አዳፕተሮች ላይ እኔ የምይዘው ከ30 እስከ 40 ነው።

የሚሽከረከሩትን በቀጥታ ከሴክተራቸው ማስላት ይሻላል። ባለ 1.44 ፍሎፒ በወረቀት 500 ኪሎቢት ማለትም 62.5 ኪሎባይት በሰከንድ ነው፤ በአንድ ትራክ 18 ሴክተር፣ በሴክተር 512 ባይት፣ በሰከንድ 5 ዙር ሲባዛ ግን 46,080 ባይት ብቻ ይሆናል። የቀረው በሴክተሮች መካከል ላለው ክፍተትና ለአድራሻቸው ይውላል። የሲዲ 1 ኤክስ 75 ሴክተር በ2,048፣ ማለትም 153,600 ባይት በሰከንድ ነው። የዲቪዲ 1 ኤክስ ከዚህ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ሁለቱን ኤክሶች አንድ ዓምድ ውስጥ አላስገባኋቸውም። ደግሞም «48 ኤክስ» የሚደረሰው በሲዲው የውጭ ጠርዝ ብቻ ነው።

ስሌቱን ከልኬት ጋር ሳስተያይ የመለኪያውን ፕሮግራም ልማድ አያለሁ። ዲዲ የተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም በ1,000,000 ይቆጥራል። ኤችዲፓርም ሜጋባይት ብሎ ጽፎ የሚቆጥረው ግን በ1,048,576 ነው፤ ስለዚህ የእሱን ውጤት በ1.048576 አባዛለሁ። ይህ ካልተደረገ የ5 በመቶ ልዩነት ይመጣና የዲስክ ችግር ይመስላል።

ጊዜውን ለማግኘት በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ ዝቅተኛውን ፍጥነት መውሰድ ነው። ባለ 40 ጊጋባይት ዲስክ በዩዲኤምኤ 2 ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ በፒአይኦ 4 ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ያው ዲስክ ዩኤስቢ 1.1 ባለው አሮጌ ኮምፒውተር በኩል ሲገለበጥ ጣሪያው 1.216 ሜጋባይት በሰከንድ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። እያረጀ ላለ ዲስክ ይህ ረጅም ጊዜ ነው፤ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ዲስኩን ነቅዬ ባለ አይዲኢ ማዘርቦርድ ላይ በቀጥታ እሰካዋለሁ።