ለግራይንደርና ለብየዳ የዓይን መከላከያ ስትመርጡ

ብረታ ብረት ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ግራይንደር የሚያስነሳ ሞልቷል። መስታወቱ መጥቆሩ ፍንጣሪ አያቆምም። የሚያስፈልገው ሌንሱ ፖሊካርቦኔት (ምት የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ) የሆነ፣ ጎንና ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ነው።

ስትገዙ ክፈፉና ሌንሱ ላይ የታተመውን አንብቡ። በአሜሪካ ደረጃ ለከባድ ምት የተፈተነ «ዜድ 87» የሚል ጽሑፍና አጠገቡ የመደመር ምልክት አለው። በአውሮፓው ደረጃ በኢኤን 166 ደግሞ «ኤፍ» የሚለው ፊደል በሰከንድ 45 ሜትር፣ «ቢ» የሚለው 120 ሜትር የሚበር ትንሽ የብረት ኳስ ይችላል ማለት ነው። ተራ መነጽር ከኤፍ አያልፍም፤ ቢ የሚገኘው በላስቲክ የሚታሰረው ጎግል ላይ ነው። ዲስክ ሊፈነዳ ስለሚችል ለግራይንደር ከመነጽሩ በላይ የፊት መከላከያ ይደረብ።

ከምልክቱ እኩል ልኩን እዩ። በቅንድብና በክፈፉ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሌላ ሞክሩ፤ ብናኙ የሚገባው በዚያው ነው።

ለኤሌክትሪክ ብየዳ የማስኩ መስታወት የጥቁረት ቁጥር ወሳኝ ነው፦ በኤሌክትሮድ እስከ 160 አምፒር 10 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ እስከ 250 ድረስ 12 ቁጥር። ለጋዝ የሚሆነው 5 ቁጥር እዚህ አይሠራም። የብየዳው ብርሃን ጉዳት ወዲያው ስለማይሰማ ሰው ይዘናጋል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል። ብረቱን የሚይዘው ረዳትም ያው ነው፣ ለእሱ ማስክ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው።

ሌንሱን በሸሚዝ አትጥረጉ፣ የብረት ብናኙ ይጭረዋል። መጀመሪያ በውኃና በሳሙና እጠቡት። ቲነር ከነካው ይሰነጣጠቃል፣ ያኔ መጣል ነው።