የቴኒስ አሸናፊን ለመገመት ደረጃ ብቻ አይበቃም

ትልቅ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ጓደኞቼ ቀድመው የሚያዩት ደረጃ ነው። "አንደኛው ከስምንተኛው ጋር ነው፣ በቃ አለቀ" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ደረጃ ማለት ተጫዋቹ ባለፉት 52 ሳምንታት የሰበሰበው ነጥብ ነው፤ በሸክላ ሜዳ ያገኘውም በሣር ሜዳ ያገኘውም አንድ ላይ ይደመራል። ዛሬ የሚጫወተው ግን አንዱ ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ሜዳውን ነው። ሸክላ ኳሷን ያዘገያታል፣ ከፍ አድርጎም ያነጥራታል፤ በሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን በሚያስጀምረው ምት፣ ብቻ ነጥብ መልቀም የለመደ ሰው እዚያ ይቸገራል። ሣር ላይ ኳሷ ዝቅ ብላ ስለምትሾልክ ያው ሰርቭ ጌታ ይሆናል። ስፔናዊውን ራፋኤል ናዳልን ውሰዱ። ፓሪስ ውስጥ በሸክላ በሚደረገው ትልቅ ውድድር፣ ሮላንድ ጋሮስ ላይ፣ 112 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። እዚያ 14 ዋንጫ አንስቷል፣ በሣር በሚደረገው ዊምብልደን ላይ ግን 2። የደረጃ ሰንጠረዥ ይህን አይነግራችሁም።

ሜዳውም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በ2009 ሮቢን ሶደርሊንግ ናዳልን በአራተኛው ዙር ከዚያው ከሮላንድ ጋሮስ አስወጣው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሮም ላይ፣ እዚያም ሸክላ ነበር፣ ናዳል 6 ለ 1 እና 6 ለ 0 አሸንፎት ነበር! ሁለቱ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተሸናነፉ የሚለውን እንደ ዋና ማስረጃ የማልይዘው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ደግሞ የነጥቦቹ መቀራረብ ነው። ከምንጊዜም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ሮጀር ፌደረር በ2024 አሜሪካ በሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሲናገር፣ ካደረጋቸው 1,526 የነጠላ ጨዋታዎች 80 ከመቶ ገደማ ማሸነፉን፣ ከነጥቦቹ ግን 54 ከመቶውን ብቻ ማግኘቱን ተናግሮ ነበር። ፌደረር ነው እንግዲህ! የ2025ቱን የሲነርና የአልካራዝ የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜም አስታውሱ። ሲነር 2 ሰት (ጨዋታው የሚከፈልበት ክፍል) ለ 1 እየመራ፣ አራተኛውንም 5 ለ 3 እየመራ፣ በአልካራዝ ሰርቭ ላይ ዋንጫውን የሚያስነሱ 3 ነጥቦች እጁ ገብተው ነበር፤ አልካራዝ ሦስቱንም አዳነና ከ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፍልሚያ በኋላ አሸነፈ። ጠቅላላ ነጥባቸው ሲቆጠር ግን ሲነር 193፣ አልካራዝ 192። ያን ቀን ሲነር ያሸንፋል ያለ ሰው ጨዋታ አያውቅም የሚለኝ ካለ በፍጹም አልቀበለውም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የጨዋታው ርዝመት ነው። በአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ወንዶች እስከ 5 ሰት ይጫወታሉ፣ በሌሎቹ ሳምንታት እስከ 3። አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ሰት የማሸነፍ ዕድሉ 70 ከመቶ ነው እንበል። በ3 ሰት ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 78 ከመቶ ገደማ ይሆናል፣ በ5 ሰት ወደ 84 ይወጣል። ደካማው ተጫዋች ለአንድ ሰዓት ቢያብድ 3 ሰት ላይ ሊያመልጥ ይችላል፣ 5 ሰት ላይ ግን ጠንካራው ለመመለስ ጊዜ አለው። ስለዚህ ተራ ሳምንት ላይ ለደካማው የማሸነፍ ዕድል ትንሽ ከፍ አድርጌ እሰጣለሁ።

ድካምንም አያለሁ፤ ትናንት ማታ 4 ሰዓት ሙሉ የታገለ ሰው ዛሬ እግሩ እንደ ወትሮው አይታዘዘውም። የመጀመሪያው ሲስት የሚመታውን ሁለተኛውን ሰርቭም አያለሁ፣ ጭንቀት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

አሁን ግምቴን የምጽፈው በስም ብቻ ሳይሆን በመቶኛ ነው፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ከነምክንያቱ። "ሲነር" ብሎ መጻፍና "ሲነር፣ 55 ከመቶ" ብሎ መጻፍ በጣም ይለያያል። እናንተም ሞክሩት። ብዙ ጨዋታ ሲጠራቀም 70 ከመቶ ያላችኋቸውን ብቻ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ከ10 ወደ 7 ገደማ ካሸነፉ ግምታችሁ ልክ ነው፣ 9 ካሸነፉም ለጠንካራው የሰጣችሁት አንሶታል ማለት ነው።