ከካሜራው በፊት ሳጥኑ

ውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ባማረኝ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ጥሩ ካሜራ መግዛት ነበር። ሴንሰሩ ትልቅ፣ ሌንሱ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ፣ በገዙት ሰዎች ዘንድ የተመሰገነ ካሜራ ነበር፤ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ውኃ የማያስገባ ሳጥን የሚሠራ አምራች አለመኖሩን ያወቅሁት ግን ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ ነው። ካሜራው ዛሬም በደንብ ይሠራል፤ ባሕርን ግን ከዳር ሆኖ ከማየት በቀር አያውቀውም።

ስለዚህ አሁን ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የማነሳው ሳጥኑን ነው። ሳጥን በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ እያንዳንዱ የውጭ ቁልፍ በውስጥ ካለው የካሜራ ቁልፍ ጋር እንዲገጥም ተለክቶ ስለሚሠራ የአንዱ ሞዴል ሳጥን ለተከታዩ ሞዴል ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ዋጋውም ከካሜራው ጋር የሚስተካከልበት፣ አልፎ ተርፎም የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በጀቱን ሙሉ በሙሉ በካሜራው ላይ ያዋለ ሰው ውኃው አፋፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥልቀት ጉዳይ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር የሚያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ 30 ሜትር ላይ ያለ ዕቃ ከውኃው ወለል በላይ ካለው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል። ውኃ አይገባቸውም ተብለው የሚሸጡ ስልኮች የሚፈተኑት በአብዛኛው በረጋና ጨው በሌለው ውኃ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል በመሆኑ ለባሕር አልመክራቸውም። ያለ ሳጥን የሚጠልቁ ትንንሽ ካሜራዎች ከዚህ ይሻላሉ፤ ለምሳሌ የኦሊምፐስ ቲጂ-6 እና እሱን የተካው የኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 እስከ 15 ሜትር ይወርዳሉ። ፊቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ እየተነፈሰ ለሚዋኝ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ለሚጠልቅ ግን፣ ለጀማሪዎች በተለምዶ ከሚፈቀደው 18 ሜትር እንኳ ስለሚያንስ ለእነዚህም ሳጥን መጨመር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ካሜራው ሁለት በር ይኖረዋል፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ሊያተርፈው ይችላል።

ሜጋፒክስል ስለሚባለው ነገር ብዙ አልጨነቅም። የሚያስጨንቀው ውኃ ቀለምን የሚበላበት መንገድ ነው። ቀይ ከሁሉም ቀድሞ ይጠፋል፤ 5 ሜትር ገደማ ላይ መደብዘዙ በግልጽ ይታወቃል፣ ብርቱካናማና ቢጫም ተራቸውን ጠብቀው ይከተላሉ። አንድ ቀን 20 ሜትር አካባቢ ሳለሁ ጣቴን ድንጋይ ጭሮኝ የወጣውን ደም ባየው አረንጓዴ ነበር፤ ለቅጽበት ያህል የራሴ ደም አልመሰለኝም። በዚህ ምክንያት ካሜራው ኋይት ባላንስን፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሞችን የሚያመዛዝነውን ቅንብር፣ በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድ፣ ፎቶውንም በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካው በጥሬው፣ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት። ይሁንና ጨርሶ የጠፋን ቀለም ኮምፒውተር አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ብርሃን ይዞ መውረድ ነው። ካሜራው ላይ የተገጠመው ፍላሽ ደግሞ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚገኝ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ አብርቶ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ በአቧራ ውስጥ ረጅም መብራት አብርቶ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መፍትሔው ከሌንሱ ራቅ ብሎ በክንድ ላይ የሚታሰር የውጭ ፍላሽ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ ይህን ፍላሽ የሚያገናኝ ገመድ መቀበሉን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ዙም በውኃ ውስጥ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል፤ በሌንሱና በዓሣው መካከል ያለው ውኃ በበዛ ቁጥር ፎቶው ይደበዝዛልና። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚሰበር፣ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል የሚታይ ነገር በሲሶ ያህል የተለቀ ይመስላል፤ ሰፊ ሌንስም ስፋቱን ያጣል። ይህን ስፋት ለመመለስ የጉልላት ቅርጽ ያለው መስታወት ይገጠማል። በትንሽ ካሜራ ሳጥን ላይ ደግሞ ውኃ ውስጥ እያሉ የሚገጠሙና የሚፈቱ ተጨማሪ ሌንሶች አሉ፤ በመካከል የተያዘችውን የአየር አረፋ ማስወጣት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሌንሱ ተነቅሎ የሚቀየረው ትልቅ ካሜራ ግን በአንድ ጠለቃ የወረደበትን ሌንስ ይዞ ይወጣል። ለጀማሪ ትንሹን የማስመርጠው ከዋጋው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። ከቅርብ የማንሳት ችሎታውንም መዘንጋት አይገባም፤ የጥፍር ያህል የሆነችውን ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ቲጂ-6 ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሳታል።

ሁለተኛው ካሜራዬ የጠፋው በአንድ ፀጉር ነው። ሳጥኑ የሚዘጋው ኦሪንግ በሚባል የጎማ ቀለበት ሲሆን እኔም እንደ ወትሮው ጠርጌ፣ ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀብቼ፣ በችኮላ ዘጋሁት። 4 ሜትር ሳልሞላ ከማጠፊያው በኩል ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ሲወጡ አየሁ፤ ስወጣ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ የሳጥኑ ወለል ላይ የማንኪያ ያህል ውኃ ተጠራቅሞ ነበር። ቀለበቱን ስገልጠው የቅንድብ ያህል ርዝመት ያላት ፀጉር ተጋድማበት አገኘኋት። ብዙ ሰው ጥልቀቱን ይፈራል፤ ግፊት ግን ቀለበቱን ይበልጥ እያጠበቀው ስለሚሄድ እንዲህ ያለው ፍንጣቂ ብዙ ጊዜ የሚከሠተው ገና ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሳጥን በእጄ ሲገባ በመጀመሪያው ጠለቃ ካሜራ አላስገባበትም፤ የታጠፈ ሶፍት አስገብቼ እወርድና ስወጣ መድረቁን አያለሁ።

ገንዘባችሁ ወይ ለአዲስ ካሜራ ብቻ፣ ወይ ለአንድ ያገለገለ ካሜራ ከነሳጥኑና ከነፍላሹ የሚበቃ ከሆነ ያገለገለውን ያዙ። ስትመርጡ መዝጊያው ሳይላላ መግጠሙን፣ ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦይ አለመጫሩን፣ ቁልፎቹም ተጭነው መመለሳቸውን እዩ። የፊት መስታወቱ በውጭ በኩል ትንሽ ቢጫር አያስደንግጣችሁ፤ ጭረቱን ውኃ ስለሚሞላው ፎቶው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። በውስጥ በኩል ያለ ጭረት ግን ውኃ አይደርስለትም፤ እሱን ካያችሁ ሳጥኑን መልሱት።