ስም አትጻፉ ብዬ ስማቸውን አጋለጥኩ

በነርሲንግ ትምህርት ክፍላችን 17 መምህራን ነን። ሴቶቹ 3 ብቻ ናቸው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ለደረጃ እድገት ጥናት ያስፈልገኝ ነበር። የመምህራኑን የሥራ እርካታና የኃላፊውን አመራር ልጠይቅ ተነሳሁ። በመጠይቁ ብዙ አልደከምኩም። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒሶታ የእርካታ መጠይቅ አጭሩ ቅጂ 20 ጥያቄ አለው። ሁለቱ በቀጥታ ስለ አለቃ ናቸው፤ ስለ ሠራተኛ አያያዙና ስለ ውሳኔ አሰጣጡ። መጨረሻው ላይ እኔ ባዶ ገጽ ጨመርኩ፤ "የልባችሁን ጻፉ" ብዬ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛሉን ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። አንዴ በመስመር ክፍተት፣ አንዴ በፊደል መጠን! "ስም አይጻፍም" የሚለውን ሲያዩ ምስጢሩ ተጠብቋል ብለው አለፉት። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ የአገልግሎት ዘመን የሚጠይቀውን ክፍል አንድን ማንም አልነካውም። እኔም ከሰው ፕሮፖዛል ገልብጬው ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ውጤቱን በዲፓርትመንት ስብሰባ አቀረብኩ። ሴት፣ ሌክቸረር፣ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለች፦ 1። በአመራሩ ያላት እርካታ፦ በጣም ዝቅተኛ። ቀጣዩ ስላይድ ከባዶው ገጽ የወሰድኩት ነበር፤ "ፕሮግራም ሲወጣ ወዳጅ ክፍል ውስጥ ያስተምራል፣ ሌላው ተማሪ ይዞ ዋርድ ለዋርድ ይዞራል።" ዋርድ፣ ሕሙማን የተኙበት ክፍል፣ የሚውል ሰው ሰዓቱ እንደ ሌክቸር እንደማይቆጠርለት እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ኃላፊው ስላይዱን ትቶ ሲስተርን አየ፤ ያቺ "1" እሳቸው ናቸው። ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

ሲስተር መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ስንወጣ "አንተ ልጅ፣ ስሜን ብትጽፈው ይቀል ነበር" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በቀጣዩ ሴሚስተር ተማሪ ይዘው ከከተማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። "ተራ ነው" ተባለ። የምን ተራ!

ኃላፊውን ገብቼ ማናገር ነበረብኝ። አላናገርኩትም። የእድገት ፋይሌ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የጥናት ዘዴ መምህራን የሚሉትን ተዉት። ትምህርት ክፍላችሁ ትንሽ ከሆነ የመጠይቁን ክፍል አንድ ቅደዱት። "1" የሚል ቁጥር ያለበት ሰንጠረዥ አታውጡ። የሰው ቃል እንዳለ አትለጥፉ። በእጅ ጽሑፍም አትሰብስቡ፤ ዓመት ሙሉ ፈተና አብረን የምናርም ሰዎች የማን ጽሑፍ እንደሆነ አይጠፋንም። ኮሚቴው ጎደለ ካለ ይጉደል።

ረዳት ፕሮፌሰርነቱን አገኘሁ። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ ያሉኝ ሲስተር ናቸው፤ ከጤና ጣቢያው ደውለው።