ሐረር፣ አንድ ቅዳሜ

ዛሬ ሐረር ወደ ካቶሊክ ሚሲዮኑ ጎራ አልኩ። ለካ ታሪኩ ከከተማው ውጭ ይጀምራል! ሀገረ ስብከቱ እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመው ለኦሮሞ ምድር ነው። የመጀመሪያው ጳጳስ ጣሊያናዊው አባ ማስያስ ነበሩ። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ከአገር አስወጧቸው፤ ሮም ግን ካርዲናል አደረገቻቸው።

እኔን የያዙኝ ግን ፈረንሳዊው ካፑቺን (የካቶሊክ የመነኮሳት ማኅበር አባል) አባ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ጳጳስ ሆነው እዚሁ ሐረር ከረሙ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቆረቆሩ፤ ትንሹን ተፈሪ መኮንንንም አስተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ሲናገሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ መነሻው እዚህ ነው። የሚገርመው፣ የሐረር ልጆች ራሳቸው የአባ እንድርያስን ስም ብዙም አያነሱም። እስቲ የምታውቁ ጨምሩበት።