ፔዳል ካያኬ ላይ አንድ የጎን ተንሳፋፊና ሞተር እንዴት እንዳሰርኩ

ካያኬ፣ ማለትም ጠባቧ ትንሽ ጀልባዬ፣ በእግር የሚነዳ ነው። ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ ከመቀመጫው ፊት ፔዳል፣ ከሥሩ ፕሮፔለር አለው። አዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቼ ደሴ ያመጣሁት ቅዳሜና እሁድ «ሐይቅ» ወደሚባለው የወሎ ሐይቅ ወርጄ ዓሣ ላጠምድበት ነበር። ለጠዋት እንከን አይወጣለትም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሞገዱ በጎን ይመጣል፤ ዳርቻው እያየኸው አይደርስም፤ እግር ይዝላል። ስለዚህ ሁለት ነገር አስፈለገኝ፦ እንዳልገለበጥ የሚይዘኝና ሲደክመኝ የሚያግዘኝ።

የቤንዚን ሞተር ገና ከጅምሩ ተውኩት። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውን ጨምሮ እዚህ ሐይቅ የገባ ውሃ በወንዝ አይወጣም፤ የፈሰሰ ዘይትም እንደዚያው ተኝቶ ይቀራል። ደግሞ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ለከፍታ ደንታ የለውም። ሐይቁ ላይ ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል እያንቧረቅኩ ማለፍም አይሆንልኝም።

ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለምን አንድ ብቻ?» ብሎ ነው። አውትሪገር የሚባለውን ተንሳፋፊ በግራም በቀኝም ያስራሉ፣ እውነት ነው። ሁለት ሲሆን ግን የሚጎተተው ነገር እጥፍ ይሆናል፤ ዳር ላይ በታንኳዎች መካከል መሹለክ አይቻልም፤ ዓሣውን የምስብበት ጎንም ይዘጋል። የሃዋይ ሰዎች ታንኳቸውን በአንድ ብቻ፣ ያውም በግራ በኩል አስረው ውቅያኖስ ይቀዝፉበታል። እኔም በግራ አደረግኩት፤ መንጠቆ የምወረውረው በቀኝ ነው።

ተንሳፋፊው 160 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ነው፤ 1.5 ሜትር ቆርጬ ሁለቱንም ጫፍ በክዳንና በማጣበቂያ ደፈንኩት። ከመድፈኔ በፊት ባዶ ባለ2 ሊትር ሃይላንዶችን ክዳናቸውን አጥብቄ በተርታ ሞላሁበት። ቱቦው አንድ ቀን ቢሰነጠቅ እንኳ ጠርሙሶቹ ያንሳፍፉታል። ማያያዣዎቹ ሁለት የአልሙኒየም ቱቦዎች ናቸው፤ አንዱ ከመቀመጫው ኋላ፣ ሌላው እግሬ ፔዳል ሲመታ ከማይደርስበት ፊት። በአንድ ማያያዣ ብቻ የታሰረ ተንሳፋፊ ሞገድ ሲመታው አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ይቀብራል። የፊት ጫፉን ትንሽ ቀና ማድረግም ይረዳል።

አሁን ዋናው ነገር። የዚያ ቱቦ ይዘት 30 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ለመድፈቅ የራሱን ክብደት ጨምሮ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይፈልጋል፣ ያውም ከካያኩ መሃል 1.1 ሜትር ርቆ። ወደ ግራ ስጋደል የሚይዘኝ ይህ ነው። ወደ ቀኝ ስጋደል ግን የሚመልሰኝ የቱቦው የራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ እሱም ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። በአንድ በኩል የታሰረ ጀልባ በሁለቱም በኩል እኩል አይታመንም።

ይህን ያለ ሒሳብ የተረዱት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ካያኩ ዳር ቆሞ ሳለ መጡና በባዶ እግራቸው ቱቦውን ጫን አሉት፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ዞረው በቀኝ በኩል ጠርዙን በአንድ እጃቸው ገፋ ሲያደርጉት ቱቦው እያንጠባጠበ ከውሃው ተነሳ።

«ወላሂ፣ በዚህ ጎን ልጅ እንዳታስቀምጥ» አሉኝ።

«አብሽር አባባ፣ ዕቃው ሁሉ በግራ ነው የሚቀመጠው» አልኳቸው።

«ዕቃውስ ይሁን። አንተ ራስህ ዓሣ ስትስብ ወዴት ነው የምታዘነብለው?»

ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ባትሪው ከመቀመጫው ኋላ፣ ከመሃል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ በቺንጋ ታሰረ፤ የውሃና የምሳ ዕቃም እዚያው። ተንሳፋፊው ሁልጊዜ ውሃውን ቀለል አድርጎ ይጫናል። ብዙ ከጫንከው ጠልቆ ይጎትትሃል፤ ሲሶው ያህል ሲጠልቅ ይበቃል።

ሞተሩ የት ይታሰር የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። በግራ ያለ ተንሳፋፊ ውሃው ስለሚይዘው የካያኩን አፍንጫ ወደ ግራ ይጎትታል። ሞተሩ መሃል ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ መሪውን ወደ ቀኝ ይዘህ ትውላለህ፤ የተጠመዘዘ መሪ ደግሞ ራሱ ፍሬን ነው። መፍትሔው ሞተሩንም ወደ ግራ መውሰድ ነው፤ ከግራ የሚገፋ ሞተር አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ከኋላ በኩል ጣውላ አጋድሜ ተከታታይ ቀዳዳ በሳሁበት፤ መሪውን ለቅቄ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ ድረስ ሞተሩን ከቀዳዳ ቀዳዳ እያዛወርኩ ሞከርኩ። ሒሳቡም ይገጥማል፦ ተንሳፋፊው ከጠቅላላው የውሃ መጎተት አንድ አምስተኛ ቢወስድና 1.1 ሜትር ቢርቅ፣ ሞተሩ ከመሃል 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል። ደስ የሚለው፣ ፍጥነት ቢጨምርም ቢቀንስም ቦታው ብዙ አይለወጥም፤ ግፊቱም መጎተቱም አብረው ነው የሚያድጉት። በፔዳል ብቻ ስሄድ ግን መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ መያዝ ግድ ነው።

ሞተሩ ባለ12 ቮልት፣ 30 ፓውንድ ግፊት ያለው ትንሽ ነው። ባትሪው 50 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሶላር ሊቲየም ሲሆን ክብደቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። እስከ መጨረሻ ሲከፈት ወደ 30 አምፒር ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ሄዶ ያልቃል። በ10 አምፒር ግን አምስት ሰዓት ይሠራል። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ይህን የሚያህል ጀልባ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ የራሱን ሞገድ ሽቅብ እንደመውጣት ይሆንበታል። የእኔ እግር ሳይደክመው የሚሰጠው 80 ዋት አካባቢ ነው። ሞተሩ በዝግታ 120 ዋት ሲወስድ ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ ሞተሩ ሲያብድ ግን እግሬ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሞተር በዝግታ፣ እግርም አብሮ፤ ሙሉው ጉልበት ለነፋስ ይቀመጥ።

ሽቦ ላይ አትቆጥቡ። የቤት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው ሞተሩ ድረስ 3 ሜትር ሄዶ 3 ሜትር ሲመለስ፣ በ30 አምፒር ከ1 ቮልት በላይ ይበላል። 10 ሚሊ ሜትር ካሬው ወደ 0.3 ያወርደዋል። ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሞተሩ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ መሃል ላይ የተነካካን ሽቦ አያድንም።

ባትሪውን አውጥቼ፣ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለብሼ፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ሆን ብዬ ገለበጥኩት። ተንሳፋፊ የታሰረበት ካያክ ሲገለበጥም ተደላድሎ ነው የሚገለበጠው፤ ባዶውን ካያክ እንደማቅናት ቀላል አይደለም። የሐይቅ ጥልቀት በቦታው ከ80 ሜትር ይበልጣልና ይህን መሃል ላይ ለመማር መሞከር አያዋጣም።

የቀረው መረብ ነው። የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ምልክቱ አንዳንዴ ባዶ ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ በሞገድ አይታይም። ሳየው ሞተሩን ነቅዬ ወደ ላይ አነሳለሁ፣ ፔዳሉን አቆማለሁ፣ በመቅዘፊያ አልፋለሁ። የሰው መረብ መቁረጥ እንጀራውን መቁረጥ ነው፤ ለሞተሩም አይበጅም። ቀጭን የናይለን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ የዘንጉን ጎሚኒ ይቆርጥና ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ቤት ስገባ ፕሮፔለሩን የሚይዘውን ዳዶ ፈትቼ ዘንጉን በጣቴ እዳብሳለሁ፤ ክር ካለ በጥፍር ይገኛል።